ከመካከላችሁ የቀረው ማን ነው? የጤና ዕቅድን ከነዋሪው ጋር ስለማውጣት ከወሎ የተገኘ ተሞክሮ

በደቡብ ወሎ በሚገኝ አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በዕቅድ ዝግጅት ሥራ ላይ ለበርካታ ዓመታት ቆይቻለሁ። ወረዳው ደጋም ቆላም ያለው፣ ገሚሱ ቀበሌ በመኪና የሚደረስ፣ ገሚሱ ደግሞ በእግርና በበቅሎ ብቻ የሚገባበት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በተመሳሳይ ሥራ ላይ ለሚገኙ የጤና ባለሙያዎች፣ ለቀበሌ አመራሮችና በገጠር ለሚሠሩ የግብረ ሰናይ ድርጅት ሠራተኞች ይጠቅማል በሚል ነው። የማነሣው ጉዳይ በጀት ውስን በሆነበት ሁኔታ የትኛው የጤና ችግር ይቅደም የሚለውን ከነዋሪው ጋር መወሰን እንዴት እንደሚቻል፣ ነዋሪው ሲወስንም አገልግሎቱ ከሁሉም ይልቅ የራቃቸው ሰዎች ድምፅ በብዙኃኑ ድምፅ እንዳይዋጥ ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነው።

የጤና ትምህርት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የቅድሚያ መስጫ ሠንጠረዥ አለ። ችግሮቹ በግራ በኩል ይደረደራሉ፤ ከላይ የችግሩ ስፋት፣ የችግሩ ክብደት፣ የመፍትሔው ተግባራዊነት፣ የመንግሥት ትኩረትና የማኅበረሰቡ ትኩረት የሚሉ መመዘኛዎች ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጥና ድምሩ ከፍ ያለው ችግር ይቀድማል። ስፋቱ ከጤና ጣቢያ መዝገብና ከወርኃዊ ሪፖርት ይወሰዳል፤ የመንግሥት ትኩረት ከበላይ አካል ከሚወርደው ዕቅድ ይታወቃል። የመጨረሻው ዓምድ፣ ማለትም የማኅበረሰቡ ትኩረት፣ በብዙ ቦታ የሚሞላው ግን ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ባለሙያዎች ግምት ነው። አንዱ «ለወባ አራት እንስጠው» ይላል፣ ሌላው ይስማማል፣ ዓምዱም ይሞላል። ዓምዱ ባዶ ቢቀር ይሻል ነበር፤ ባዶ ዓምድ ያየ አለቃ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ይጠይቃልና።

ይህ በነዋሪዎች መካከል ካለው የጤና አገልግሎት ልዩነት ጋር ለምን እንደሚያያዝ ለመረዳት አማካይ ቁጥሮች የሚደብቁትን ማየት ያስፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በከተማ ከተከናወኑት ወሊዶች 79 በመቶው በጤና ተቋም መፈጸማቸውን፣ በገጠር ግን 20 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የገጠሩ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ይህም ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ ቀበሌና ወደ በሽሎ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ ቀበሌ ሁለቱም በሪፖርት ላይ «ገጠር» ተብለው አንድ ላይ ይደመራሉ። በአንድ ቀበሌ ውስጥም ቢሆን ጤና ኬላው አጠገብ ያለው ጎጥና ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ አይመሳሰሉም። ወረዳው «ሽፋናችን ጨመረ» ብሎ በሚደሰትበት ዓመት ጭማሪው በሙሉ ከአስፋልት ዳር የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያሳየን መዝገብ የለም፤ ወደ ጤና ተቋም ያልመጣ ሰው መዝገብ ላይ አይሰፍርምና። የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው።

የማኅበረሰብ ተሳትፎ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ሰዎች በግልም ሆነ በጋራ በጤና አገልግሎታቸው ዕቅድና አፈጻጸም የመሳተፍ መብትም ግዴታም እንዳላቸው ደንግጓል፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን አሰማርቶ አገልግሎቱን ወደ ቤት አቅርቧል። ከዚያም የሴቶች ልማት ቡድንና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተከተሉ። የተሳትፎ መዋቅር አላጣንም ለማለት ነው። ችግሩ መዋቅሩ በአብዛኛው የተሠራው ከላይ የወጣውን መልእክት ወደ ታች ለማድረስ፣ ከታችም የጉልበትና የገንዘብ መዋጮ ለመሰብሰብ በመሆኑ ነው። ምን ይቅደም ብሎ ለመጠየቅ ያው መዋቅር ሲያገለግል የሚመጡት የተለመዱት ሰዎች ናቸው፤ የቀበሌው ካቢኔ፣ የቡድን መሪዎቹ፣ ጥቂት የተከበሩ ሽማግሌዎች። እነዚህ ሰዎች ቀና ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ትክክለኛ ነገር ይናገራሉ። ነገር ግን ስብሰባ መምጣት የቻለ ሰው ጤና ኬላም መምጣት የሚችል ሰው ነው።

እኛ ይህን ለማለፍ የተጠቀምንበት መንገድ ቅሬ ነበር። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ነው፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት የያዘ፣ ጎጥን እንጂ የቀበሌ ወሰንን የማይከተል ማኅበር ነው። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ በየትኛው ቤት ማን እንደታመመ፣ ማን ለቀብር ሳይመጣ እንደቀረና በምን ምክንያት እንደቀረ ያውቃል። ስለዚህ የውይይቱን ጥሪ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወደ ቅሬ ዳኞች አዞርነው፤ የተጠየቁትም ሰው ሰብስቡ ተብለው ሳይሆን ከየጎጣቸው ሕመም የበረታባቸውን፣ ቤታቸው የራቀውን፣ ከስብሰባ የሚቀሩትን ለይተው እንዲነግሩን ነው። ቅሬውን ግን እንደ ሙሉ መዝገብ መቁጠር አይገባም። መዋጮ መክፈል አቅቶት የወጣ፣ በቅርቡ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ በሸክላ ሥራው ወይም በሕመሙ ምክንያት ሰው የሚሸሸው በቅሬው ላይኖር ይችላል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ዳኛ የምናቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ «ከቅሬያችሁ የወጣ ወይም ሳይገባ የቀረ ማን አለ?» የሚል ነበር። አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ፤ ጥያቄው እንደ ወቀሳ እንዳይሰማ ለብቻቸው መጠየቁ ይሻላል።

ስለ ጥያቄ ከተነሣ፣ ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው የመጠየቂያ ቃላችንን መቀየራችን ነው። «ምን ይጎድላችኋል?» ተብሎ የተጠየቀ ቀበሌ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ መንገድ፣ አዲስ ጤና ጣቢያ፣ አምቡላንስ፣ መብራት። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማን እንደተጎዳ አይነግርም፤ ወረዳውም ሊፈጽመው ስለማይችል ቃለ ጉባኤ ሆኖ ይቀራል። «ባለፈው ዓመት ከመካከላችሁ ታምሞ ሳይታከም የቀረው ማን ነው? ለምንስ ቀረ?» ሲባል ግን የሚወጣው ታሪክ ነው። ልጁ በተቅማጥ የታመመበት አባት ጤና ኬላው ተዘግቶ ስላገኘው መመለሱ፣ ምጥ የያዛት ሴት የቃሬዛ ተሸካሚ ጎልማሶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገር በመሄዳቸው በቤቷ መውለዷ፣ ዓይናቸውን ትራኮማ የያዛቸው አሮጊት የቀዶ ሕክምና ዘመቻው መምጣቱን ሰው ስላልነገራቸው ማለፋቸው ይነገራል። ከእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ምክንያቱን እያወጡ መጻፍ ቀላል ነው። ቅድሚያ የሚሰጠውም ለምክንያቶቹ ነው። የታማሚውን ስም ግን መጻፍም በጉባኤ ላይ ማንሣትም አይገባም፤ በትንሽ ጎጥ ውስጥ ስሙ ባይጠራም እንኳ ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃልና ታሪኩን መቀላቀል ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ነገር ሰዎችን ከፋፍሎ ማወያየት ነው። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ መሆናቸውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚዘነጋው በሴቶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አማት ባለችበት ምራት አትናገርም፤ የቡድን መሪዋ ባለችበት በቡድኗ ሥር ያለችው አትናገርም። እኛ ትዳር ከያዙ ብዙም ያልቆዩትን ወጣት ሴቶች ለብቻቸው፣ ትልልቅ እናቶችን ለብቻቸው፣ ወንድ አባወራዎችን ለብቻቸው፣ ያላገቡና መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችን ለብቻቸው አወያይተናል። አወያዩም ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ባይሆን ይመረጣል። ነዋሪው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ስለሚወዳት ወይም ስለሚፈራት በአለቃዋ ፊት ድክመቷን አይናገርም፤ ከሌላ ቀበሌ የመጣ መምህር ይህን ሥራ በሚገባ ሠርቶልናል።

ድምፅ የተሰጠው በባቄላ ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ስለሚበዙ ችግሮቹን በዕቃ ወከልናቸው፤ ጀሪካን ለውኃ፣ የአጎበር ቁራጭ ለወባ፣ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ለመድኃኒት እጥረት፣ የቃሬዛ እንጨት ለርቀት። እያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ፍሬ ባቄላ ይሰጠውና እንደ ፍላጎቱ በአንዱም ላይ ቢከምር፣ በብዙዎችም ላይ ቢበትን መብቱ ነው። በአንድ የደጋ ቀበሌ ወጣት ሴቶቹ እኛ ባቀረብናቸው ዕቃዎች አልረኩም፤ አንዷ ተነሥታ የደጃፏን ቁልፍ አምጥታ ከዕቃዎቹ ጎን አስቀመጠች። ምን ማለት እንደሆነ ሳትናገር ሌሎቹ ሳቁ። ቁልፉ የተዘጋ ጤና ኬላ ነበር፤ ከባቄላውም ብዙው እዚያ ላይ ወደቀ። በዚያው ቀን በወንዶቹ ቡድን አንደኛ የወጣው መንገድ ሲሆን የጤና ኬላው መዘጋት በዝርዝራቸው ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ልጅ ይዘው የሚወርዱት እነርሱ አይደሉምና።

ይህ ውጤት ብዙ ገንዘብ ሳያስፈልገው ተፈጻሚ ሆነ። ሁለቱ ባለሙያዎች ለሥልጠና፣ ለዘመቻና ለሪፖርት በተጠሩ ቁጥር ጤና ኬላው ይዘጋ ነበር፤ ከማዶ ጎጥ ያሉ ሴቶች የሚወርዱት ደግሞ በአብዛኛው በገበያ ቀን ነው። ስለዚህ በገበያ ቀን አንዷ ባለሙያ ከጤና ኬላው እንዳትነሣ፣ ወረዳውም በዚያ ቀን ስብሰባ እንዳይጠራ፣ የሥራ ቀናቱም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ እንዲነገር ተወሰነ። ወረዳው ስብሰባ ሳይጠራ መዋል ይከብደዋልና ውሳኔው አልፎ አልፎ መጣሱ አልቀረም። ያም ሆኖ ጥሰቱ ሲፈጸም የሚጠይቅ ሰው ተፈጠረ፤ የቅሬው ዳኛ በስልክ ይደውሉልን ነበር።

የእናቶች ማቆያን ጉዳይ በተመለከተ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ወረዳዎች የሚቸገሩበት ነውና። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል። በመሆኑም ባለሙያው «ነፃ ሆኖ ሳለ ለምን አይመጡም?» ይላል። ከሩቅ ጎጥ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ እንዲቆዩበት ማቆያ ተሠርቶ ነበር፤ አልጋዎቹ ግን ባዶ ይውሉ ነበር። ሴቶቹን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ከጤና ትምህርት ጋር የሚያያዝ አልነበረም። ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን ያበላል፣ ከብቱን ማን ያጠጣል፣ እዚያስ ሲደርሱ ምን ይበላሉ፣ አስታማሚዋ የት ትተኛለች የሚሉ ነበሩ። አንዲት እናት «ሆዴን ይዤ መጥቼ ደግሞ ሆዴ ባዶ ይሁን?» ብላ ሳቀችብን። ለችግሩ ቅድሚያ የሰጡት ሩቅ ጎጦቹ ናቸው፤ ቅርብ ያሉት ጉዳያቸው ስላልነበረ አላነሡትም፤ በአጠቃላይ ድምፅ ብንቆጥረው ኖሮም ከዝርዝሩ ወድቆ ይቀር ነበር። መፍትሔውን ያመጡት ቅሬዎቹ ናቸው። ከየቤቱ ጥቂት እህል ተሰብስቦ ለማቆያው ገንፎና እንጀራ እንዲውል፣ ማብሰያ ጎጆ በጉልበት እንዲሠራ፣ ነፍሰ ጡሯ በማቆያው በቆየችበት ጊዜም ጎረቤት ከብቷን እንዲጠብቅላት ተስማሙ። የጤና ጣቢያው ድርሻ ማገዶ፣ ውኃና ቡና ማፍያ ማቅረብ ነበር። ቡናው እንደ ቅንጦት የታየው ኦዲተር ጋ ሲደርስ ነው፤ አቦሉን ጠጥቶ የማያውቅ ኦዲተር በወሎ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

ነዋሪው ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ውኃ የዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። በበጋ ምንጩ ሲደርቅ የተቅማጥ በሽታና የዓይን ሕመም እንደሚበዙ ሴቶቹ ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ ምንጭ ማጎልበት ግን የውኃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ ከዝርዝሩ ማውጣት ነዋሪውን ማባረር ነው። የምመክረው ዝርዝሩን ሳይቀንሱ በሙሉ ወደ ወረዳው ምክር ቤት ማቅረብና የውኃ፣ የመንገድና የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በተገኙበት ማስነበብ ነው። ምክር ቤቱ በጀት የሚያጸድቅ አካል በመሆኑ ጥያቄው የማን እንደሆነ ይለያል። የጤና ባለሙያውም በበኩሉ የተቅማጥ መረጃውን በጎጥ ደረጃ አዘጋጅቶ ከውኃው ጥያቄ ጋር ቢያያይዘው ክብደት ይጨምርለታል።

በቀበሌዎች መካከል መምረጥ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከመምረጥ ይልቅ ከባድ ነው። ቆላው ወባ አለበት፣ የጎጆ ውስጥ ርጭትና አጎበር ይፈልጋል፤ ደጋው ርቀትና ብርድ አለበት፤ ወረዳው ደግሞ ከመደበኛ ወጪው የሚተርፈው ገንዘብ ለአንድ ሥራ እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ነው። የየቀበሌው ተወካይ ለየራሱ ሲሟገት ብዙ ነዋሪ ያለው ቀበሌ ያሸንፋል፤ ብዙ ነዋሪ ያለው ደግሞ መንገድ ዳር ያለው ነው። እኛ የሞከርነው ሥርዓት ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ተወካይ የቀበሌውን ታሪክ ያቀርባል፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ባቄላውን ለራሱ ቀበሌ ማስቀመጥ አይችልም። መጀመሪያ ላይ ቁጣ ተነሥቶ ነበር። አንድ ሼኽ «እንዲህ ከሆነ እንኳ የጎረቤታችንን ችግር እንሰማለን» ብለው ካረጋጉ በኋላ ሥራው ቀጠለ። ድምፁ ሲቆጠር ከበሽሎ አቅጣጫ ያለው፣ ነዋሪው ጥቂት የሆነው ቀበሌ ቀዳሚ ሆነ፤ ከቆላ የመጡት ተወካዮች ጭምር ባቄላቸውን የሰጡት ለእርሱ ነው። ይህ ዘዴ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም፤ በቀበሌዎቹ መካከል የግጦሽ ወይም የወሰን ጠብ ካለ መጀመሪያ ጠቡን ሽማግሌዎች ይዩት።

ልዩነትን ለማጥበብ ነዋሪው በቀጥታ የሚወስንበት ሌላው ጉዳይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ስለነበረች ለእኛ አካባቢ ሩቅ ነገር አልነበረም። አባወራው በዓመት የተወሰነ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችሉት ደግሞ በቀበሌያቸው ተመርጠው መዋጮአቸውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። የተመራጮቹ ቁጥር የተገደበ በመሆኑ ምርጫው ራሱ ቅድሚያ መስጠት ነው። ጠቡም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መሬት ያለው ሰው ድሃ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ብዙዎችን አስቀርቷል፤ መሬቷን አራሽ በማጣት ለእኩል የሰጠች መበለት በመዝገብ ባለ መሬት ናት፣ በጎተራዋ ግን የሚያስከፍል እህል የላትም። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ መሬት አለሽ ተባልሁ እንጂ በሬ አለሽ ወይ ያለኝ የለም» ያሉኝን ይዤ በቀጣዩ ጉባኤ መመዘኛው እንዲወያዩበት አቀረብሁ። ነዋሪዎቹ በሬ፣ የሚያርስ ጉልበትና የሚጦር ልጅ መኖር አለመኖሩን ጨመሩበት። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት በየጎጡ እንዲነበብና ቅሬታ የሚሰማበት ቀን እንዲሰጥ ማድረግም ያስፈልጋል፤ የካቢኔ ዘመድ በዝርዝሩ ውስጥ ሲገኝ የሚናገር ሰው ሁልጊዜ ይኖራል፣ ቀኑ ከተሰጠው።

የጤና ሚኒስቴር የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ የሚባል መሣሪያም አለ፤ ነዋሪው ጤና ጣቢያውን በአክብሮት፣ በወረፋ፣ በመድኃኒት፣ በአምቡላንስና በንጽሕና የሚመዝንበት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ይሁን እንጂ በዋናነት የሚናገረው ስለ አገልግሎቱ፣ ማለትም በሩን ረግጦ ስለገባው ሰው ነው። ያልገባውን ለማወቅ ከላይ የገለጽሁት ጥያቄ አብሮት መሄድ ይኖርበታል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ሥራ እንደገና ሲጀመር የትኛው ጤና ኬላ በቅድሚያ ዕቃ ይሟላለት የሚለው ጥያቄ ፊታችን መጣ። እርዳታ የያዙ መኪኖች መንገድ ላለው ቀበሌ ያራግፋሉ፤ ይህ ክፋት ሳይሆን የመኪና ባሕርይ ነው። ማንም ባያስታውስ የመጨረሻዎቹ መጨረሻ ሆነው ይቀራሉ። ቀድሞ የተዘጋጀው የነዋሪዎች ዝርዝር በዚያን ጊዜ እንደ ካርታ አገለገለን፤ አዲስ ስብሰባ ለመጥራት ጊዜ ስላልነበረ በእርሱ ተመርተን ከሩቁ ጀመርን። ተፈናቃዮችን በተመለከተ ግን ዝርዝሩ አልበቃም፤ በካምፕና በዘመድ ቤት የተጠለሉት በቀበሌውም ሆነ በቅሬው መዝገብ የሉም፤ ዘመድ ቤት ያለውን ደግሞ ካምፕ ያለው ያህል እንኳ የሚጎበኘው የለም። ለእነርሱ የተለየ የውይይት ቡድን አቋቁመን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የተቋረጠ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት መሆኑን ስንሰማ፣ በተላላፊ በሽታ ላይ ብቻ ያተኮረው የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችን መስተካከል ነበረበት።

ስለ ጊዜና ስለ አበል አጭር ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዕቅዱ የሚዘጋጀው በበልግ ወራት ነው፤ በወሎ ደጋ ደግሞ ያ ጊዜ የበልግ እርሻ ነው። በእርሻ ቀን የተጠራ ውይይት የሚያገኘው ሥራ የሌለውን ሰው ነው። ሥራ የማይሠራባቸውን የወር በዓላት፣ ለሙስሊሙ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለውን ሰዓት መጠቀም የተሻለ ነው፤ የረመዳንንና የዐቢይ ጾምን ወቅትም ማስላት ይገባል። ውይይቱ በአባቶች ምርቃትና ዱዓ ቢጀመር የሰው አንደበት ይፈታል። ውሎ አበልን በተመለከተ የተሰብሳቢ አበል የለመደ ቀበሌ ያለ አበል አይመጣም፤ አንዴ ከተጀመረ ደግሞ የሚመጣው አበል የሚያውቀው ሰው ብቻ ይሆናል። እኛ ቡናና ዳቦ ብቻ አቅርበን፣ ውይይቱን ወደ ጎጡ ወስደን፣ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ አድርገናል። አካል ጉዳተኛውንና አስታማሚውን ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ እንጂ ሌላ መንገድ አላገኘንለትም።

የመጨረሻው ሥራ መልስ ይዞ መመለስ ነው፤ በብዙ ወረዳ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ምክር ቤቱ በጀቱን ካጸደቀ በኋላ ወደየቀበሌው ተመልሰን ሦስት ነገር እንነግራለን፦ የተፈቀደው፣ ለሌላ ጽሕፈት ቤት የተላለፈው፣ ያልተቻለውና ያልተቻለበት ምክንያት። ያልተቻለውን መንገር ከሁሉም ይከብዳል፤ ኃላፊዎችም «ሕዝቡን ለምን ታስቆጣላችሁ?» ይላሉ። የገጠመን ግን ሌላ ነው። «ገንዘቡ ይህን ያህል ነው፣ ለማቆያው ውሏል፣ የእናንተ የመንገድ ጥገና ዘንድሮ አልደረሰውም» ተብሎ በግልጽ የተነገራቸው ሰዎች በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው መጡ፤ ምንም ሳይነገራቸው የቀሩት ቀበሌዎች ናቸው ከውይይቱ የሸሹት። ዝርዝሩ በጤና ኬላው በር ላይ ይለጠፋል፣ ማንበብ ለማይችሉትም በቅሬ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የቀጣዩ ዓመት ውይይት የሚጀመረውም ካለፈው ዓመት ያልተቻሉት ጉዳዮች ሲሆን፣ አሁንም ይቅደሙ ወይስ ቦታቸውን ለሌላ ይልቀቁ የሚለውን ነዋሪዎቹ በባቄላቸው ይወስናሉ።